የእትዬ ዘርትሁን መሳቢያ

በየከተማው ለሕዝብ የተገዛን ነገር ከሕዝብ የሚጠብቅ አንድ ሰው አለ። ሜዳ ካለ ሣሩ እንዳይረገጥ ይጠብቃል፤ ጤና ጣቢያ ካለ በተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ሕመምተኛ እንዳይቀመጥ ቆልፎ ያስቀምጣል፤ አዳራሽ ካለ ቁልፉን በኪሱ ይዞ ሠርግ ይሄዳል። ቦንጋም አላት። የእኛዋ እትዬ ዘርትሁን ናቸው፤ የቤተ መጻሕፍታችን ኃላፊ፣ የአራት ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት መጻሕፍት ባለአደራ፣ የአንባቢያን ሁሉ የበላይ ተቆጣጣሪ።

ወደ ቤተ መጻሕፍቱ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ሰላምታ አይደለም። «መታወቂያ» ነው። ዓይናቸው ከመዝገቡ አይነሳም፤ እጃቸው ብቻ ይዘረጋል። መታወቂያው መሳቢያ ውስጥ ይገባል፣ መሳቢያው ይቆለፋል፣ ሰውየው ሰው የሚሆነው ከዚያ በኋላ ነው፤ «እሺ፣ ምን ልታነብ መጣህ?» ይባላል። በአማርኛ ሲቆጡ ገና ጨዋታ ነው፤ ወደ አገሬው ቋንቋ፣ ወደ ካፊኖኖ ከተሻገሩ መጽሐፉን ትቶ መውጣት ነው። አንድ ጊዜ ለጉብኝት የመጡ ትልቅ እንግዳ ከነአጃቢዎቻቸው አምስት መታወቂያ አስይዘው ነው የጎበኙት።

ዲጂታል መታወቂያ ሲመጣ ከተማው «አሁን ተሸነፉ» አለ። አንድ የኮሌጅ ተማሪ ስልኩን ዘርግቶ፣ «ፋይዳዬ እዚህ ውስጥ ነው፣ እትዬ» አላቸው። ተቀበሉት። ፎቶውን ከፊቱ ጋር አመሳከሩ። ከዚያ ስልኩን መሳቢያው ውስጥ ከተው ቆለፉበት።

«እትዬ፣ ስልኬ እኮ ነው!»

«መታወቂያህ እዚህ ውስጥ ነው አላልክም?»

ከዚያን ቀን ወዲህ ቤተ መጻሕፍታችን በጸጥታው ታዋቂ ሆኗል። የሚጮኸው መሳቢያው ብቻ ነው።

ወደ ሙያው የገቡት ፈልገው አይደለም። ከሃያ ዓመት በፊት የታይፕ ጸሐፊ ነበሩ። ኮምፒዩተር ሲመጣ የጽሕፈት መኪናው ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት፣ እሳቸው ደግሞ «ለጊዜው፣ ለአሥራ አምስት ቀን» ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ተላኩ። ያን ጊዜ ወደዚያ የሚላከው ከአለቃው ጋር የተጣላ ወይም ጡረታው የደረሰ ሰው ነበር። መጻሕፍቱ በቁመታቸው ተደርድረው አገኟቸው፤ ረጃጅሞቹ ከኋላ፣ አጫጭሮቹ ከፊት፣ እንደ ትምህርት ቤት ፎቶግራፍ። «ይኼን ያየ ሰው እንዴት እንቅልፍ ይወስደዋል?» ይላሉ እስከ ዛሬ። አምስት ክረምት ጅማ ተመላልሰው በኢንፎርሜሽን ሳይንስ ዲግሪ ያዙ። ሲመለሱ የመደብ ቁጥር ያልለጠፉበት ነገር የለም። ቤታቸው ገብቼ የበርበሬ ጣሳቸው ላይ 641.3 ተጽፎ አይቻለሁ፤ ያለቦታው የተቀመጠ ጣሳ ግን አላየሁም።

ዘንድሮ የማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አንድ የሥራ መደብ ወጣ፤ የዞኑ አብያተ መጻሕፍት አስተባባሪ። ከሺሺንዳ እስከ ደካ፣ እስከ ቢታ ገነት ያሉትን የንባብ ክፍሎች የሚያደራጅ። እትዬ ተወዳደሩ፤ አንደኛ ወጡ። የዕድገት ደብዳቤው ተፈርሞ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ርክክብ ብቻ ቀረ። በስማቸው የተመዘገበው መጽሐፍ ሁሉ ተቆጥሮ ካልተሟላ ደብዳቤው አይሰጥም፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ እስከ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ካልሆነ ደግሞ ቦታው ሁለተኛ ለወጣው ይተላለፋል። ተቆጠረ። አሥራ ሰባት ጎደለ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ቦንጋ አትረሳውም። ሺሺንዳ ሄደው የጡረተኛውን መምህር የአቶ አስናቀን ቴሌቪዥን፣ ዜና እየተላለፈ፣ በሁለት እጃቸው አነሱት፤ ከሥሩ የተደገፈው በእኛ መዝገበ ቃላት ነበር። ቢታ ገነት በዚያ ጭቃ ሄደው ሁለት መጽሐፍ ሊያመጡ ሦስት ይዘው ተመለሱ፤ ሦስተኛው የደካ ማኅተም ስለነበረበት በማግሥቱ ከሸኚ ደብዳቤ ጋር ወደ ደካ ተላከ። ነጋዴው አሚን አጎቱ ሲሞቱበት ሦስቱንም ቀን ከሐዘንተኞቹ ጋር ተቀመጡ፣ ከልባቸው አለቀሱ። በሦስተኛው ቀን ሲነሱ ወደ አሚን ጠጋ አሉ።

«አሚንዬ፣ አላህ ያጽናህ። አጎትህ እንዴት ያሉ አንባቢ ነበሩ!»

«ነበሩ፣ እትዬ።»

«ያነበቡትን አልጋቸው አጠገብ ነበር የሚያስቀምጡት ወይስ ሳጥን ውስጥ?»

አሚን በሦስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ፤ መጽሐፉንም አመጣ። እትዬ ለመጽሐፉ መያዣ የነበረውን የሟቹን መታወቂያ ከቦርሳቸው አውጥተው ሲሰጡት ግን ሳቁ ቆመ። አጎቱ በወጣትነታቸው የተነሱት ፎቶግራፍ ያለው እዚያ መታወቂያ ላይ ብቻ ነበር።

አሥራ ስድስት ተገኘ። አንድ ቀረ፤ ስለ ንብ ርባታ የተጻፈ፣ ሰማያዊ ልባስ ያለው፣ ቁጥሩ 638.1።

እኔ ጋ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት። ንብ ላረባ ነበር የወሰድኩት፤ ቀፎ እንኳ አልገዛሁም። በመጀመሪያው ዓመት ረሳሁት፣ በሁለተኛው አፈርኩ፣ ከሦስተኛው ጀምሮ በቤተ መጻሕፍቱ በር ላለማለፍ መንገድ ቀየርኩ። መታወቂያዬንም ጠፋብኝ ብዬ ሌላ አወጣሁ። በነዚያ ሁለት ሳምንታት በር በተንኳኳ ቁጥር እትዬ ናቸው እያልኩ ስደነግጥ ሰነበትኩ። አልመጡም።

ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጽሐፉን ኮቴ ውስጥ ሸሽጌ ሄድኩ። ዕቅዴ መደርደሪያው ላይ ጣል አድርጎ መውጣት ነበር። በሩ ላይ ስደርስ የንብረት ክፍሉን የጋሽ ከፈለኝን ድምፅ ሰማሁ።

«ዘርትሁን፣ ሁለት ሰዓት ነው የቀረሽ። ምስጥ በላው ብለሽ ጻፊ፣ እኔ እፈርማለሁ።»

«ምስጥ አልበላውም።»

«ለአንድ የንብ መጽሐፍ ብለሽ የሃያ ዓመት ልፋትሽን ልትጥዪ ነው? ማን ይጠይቅሻል?»

«ጋሽ ከፈለኝ፣ ያልበላውን በላ ብዬ ምስጥ አልወነጅልም። መጽሐፉ አለ። ሰውየው ያመጣዋል።»

«አንቺ ደግሞ ከመቼ ጀምሮ ነው ሰው የምታምኚው?»

ገባሁ። ሌላ ምን ላድርግ? መጽሐፉን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። እትዬ እኔን አላዩኝም፤ ያዩት መጽሐፉን ነው። ገጾቹን በአውራ ጣታቸው ፈተሹ፣ አንድ የታጠፈ አገኙ፣ አቃኑት።

«ማዕረግ፣ ገጽ ታጥፋለህ?»

«እትዬ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ቤቴ ይመጣሉ ብዬ ስጠብቅዎት ነበር። ለምን ቀሩ?»

«እኔ የምሄደው የማይመልሱት ቤት ነው» አሉኝ።

መሳቢያውን ከፍተው አሮጌውን መታወቂያዬን አወጡ። ፎቶው ላይ ፀጉር አለኝ። ጋሽ ከፈለኝ አንዴ ፎቶውን አንዴ ራሴን አዩና ፈረሙ።

ደብዳቤው ተሰጣቸው። ነገር ግን ተተኪ ስላልተመደበ ክብርት አስተባባሪዋ «ለጊዜው፣ ለአሥራ አምስት ቀን» እዚያው ወንበር ላይ እንዲቆዩ ተወሰነ። ከተማው ሳቀ። እኔ ደስ አለኝ። ሰኞ ጠዋት በድሮው መንገድ ሄድኩ።

«እንኳን ደስ ያለዎት፣ እትዬ። ያንን የንብ መጽሐፍ ልዋሰው ነበር፤ አርባ ገጽ ይቀረኛል።»

ዓይናቸው ከመዝገቡ አልተነሳም። እጃቸው ተዘረጋ።

«መታወቂያ።»

የመለሱልኝ አሮጌው ጊዜው አልፎበታል። በኋላ ያወጣሁት የት እንደገባ አላውቅም። ያለኝ ስልኬ ውስጥ ያለው ፋይዳ ብቻ ነበር።

ሰሞኑን ስትደውሉልኝ የማላነሳው ለዚህ ነው። በጣም የቸኮለ ሰው ቤተ መጻሕፍቱ በሥራ ሰዓት ክፍት ነውና እዚያ መልእክት ሊተውልኝ ይችላል። ባዶ እጁን ግን እንዳይመጣ።