ሦስት መቶ ጋዜጠኛ

ባለፈው ሐሙስ ከምሳ በኋላ፣ ስንዱ አያልነህ የቢሮ ጠረጴዛዋ ላይ እንደተደፋች ሕልም አየች።

እንቅልፉ የድካም ነበር። ስንዱ የምትሠራው ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ እግራቸው ወደ ውስጥ ቆልመም ብሎ የተወለዱ ሕፃናትን በሚያሳክም አንድ ትንሽ በጎ አድራጎት ድርጅት ነው፤ የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ናት። ሰኞ ሐኪሞች ከአዲስ አበባ መጥተው ለሦስት ቀን በነፃ ሊያክሙ ነው። እናቶቹ ግን አልሰሙም። እንዲሰሙ ሬዲዮ ያስፈልጋል፤ ለሬዲዮ ደግሞ ጋዜጠኛ። ለጋዜጠኛ ያላት አንድ ነገር ቢኖር፣ ከእሷ በፊት ከነበረው ሠራተኛ የወረሰችው የስልክ ዝርዝር ነው። ጠዋቱን ሙሉ ስትደውል አረፈደች። ግማሹ «የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም» ሆነባት፤ አንዱ ጋዜጠኝነቱን ትቶ ዶሮ እርባታ ገብቷል፤ አንዷ ዓረብ አገር ሄዳለች። የቀሩት ይጠራሉ፣ ይጠራሉ፣ አይነሱም።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ደምሰው በሩን ገፋ አድርገው፣

«ስንት ደረሰ?» አሏት።

«ሁለት መቶ ሰማንያ ስም አለ፤ ግን የሚያነሳ የለም።»

«ማንሳታቸውን ማን ጠየቀሽ? ለጋሾቹ ማየት የሚፈልጉት ሦስት መቶ ስም ነው።»

ይህን ብለው ምሳቸውን ሊበሉ ሄዱ። ስንዱም ስልኳን ዝርዝሩ ላይ ጣል አድርጋ፣ ጉንጯን እዚያው አሳረፈች።

ቀና ስትል፣ ከቢሮው በር እስከ አስፋልቱ ድረስ ጋዜጠኞች ተሰልፈዋል። ለዳቦ ተራ እንደሚያዘው ድንጋይ ደርድረው፣ ድንጋዮቹ ላይ ካሜራቸውን አስቀምጠዋል። ከፊት የቆመው ራሰ በራ ዋና አዘጋጅ ነበር፤ ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሳ።

«እመቤት፣ እባክሽ ስሜን መዝግቢልኝ። ሦስት ጊዜ ደወልኩ፣ አላነሳሽም።»

«ስብሰባ ላይ ነበርኩ» አለች ስንዱ። ውሸቱ አፏ ላይ እንዴት እንደጣፈጣት ራሷም ገረማት።

«መልሼ እደውላለሁ ብለሽኝም ነበር።»

«ማኅተም ያለበት ደብዳቤ አምጣ።»

ሰውየው ምላሱን አወጣ። ምላሱ ላይ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ክብ ማኅተም ተመትቷል። ስንዱ ገልበጥ አድርጋ አየችው፤ ቀኑ አልፎበታል። «በሚቀጥለው ሳምንት ብቅ በል» አለችው። ከኋላው የነበረው ካሜራማን ደግሞ ፖስታ ዘረጋላት፤ «የትራንስፖርት አበልሽ ነው፤ ዜና ስለሰጠሽን» አላት። ፈርማ ተቀበለች። ከፖስታው ውስጥ የወጣው ግን ሚኒባስ ታክሲ ነበር፤ ከነረዳቱ። ረዳቱ «ሬዲዮ ጣቢያ! ሬዲዮ ጣቢያ! የሞላ!» እያለ ጎትቶ አስገባት።

ሬዲዮ ጣቢያው ድምፅ አያወጣም፤ ያዳምጣል። የከተማው ሰው በሙሉ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ያወራል፤ የጣቢያው ማማ ደግሞ እንደ ጆሮ ወደ ተናገረው ሁሉ እየዞረ ይሰማል። አንዲት አሮጊት ስለ ወገባቸው ሕመም አንድ ሰዓት ሙሉ ሲያወሩ ማንም አላቋረጣቸውም። ስቱዲዮ ውስጥ፣ በአዘጋጁ ወንበር ላይ፣ መነጽር ያደረገ የመንዝ በግ ተቀምጧል።

«ዜናሽ ረዝሟል» አላት በጉ።

«ሕፃናት በነፃ ይታከማሉ የሚል ነው እኮ፤ ሦስት ቃል ነው።»

«ላቱን ቁረጪለት። እኔ የራሴን ከቆረጡልኝ ወዲህ አጭርና ግልጽ ሆኛለሁ።»

ስንዱ ከበጉ ጋር ልትከራከር አፏን ስትከፍት አዳራሽ ውስጥ ተገኘች። ጋዜጣዊ መግለጫ ነበር። ከመድረኩ ጠረጴዛ ኋላ፣ በማይክሮፎን ደን ውስጥ፣ ሕፃናት በተርታ ተቀምጠዋል። ትልልቆቹ ባለ ሥልጣናት ግን ከነከረባታቸው በጀርባቸው ወለል ላይ ተኝተው፣ እግራቸውን ወደ ላይ አንስተው ይወራጫሉ። አንዲት የስድስት ወር ልጅ ማይክሮፎኑን ነካ ነካ አድርጋ፣ ከፊት ለፊቷ የተኛውን ወፍራም ሰውዬ ጠየቀችው።

«ዕድሜህ ስንት ነው?»

«ሃምሳ ስምንት» አለ ሰውየው፣ ጡጦውን ከአፉ አውጥቶ።

«እስካሁን አልቆምክም?»

«በጥናት ላይ ነን።»

ሕፃናቱ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ትንሿ ልጅ የሰውየውን እግር አገላብጣ መረመረችና፣ «ይሄስ በጄሶ የሚቃና አይደለም» አለች።

ከዚያ በሩ ተከፈተና እናቶች ገቡ። ከጣርማ በር የመጡ፣ ከሞላሌ የመጡ፣ ሌሊቱን በእግራቸው የተጓዙ፤ አዳራሹ አልበቃቸው ብሎ መስኮቱ ላይ ተንጠላጠሉ። ሁሉም ልጅ አዝለዋል።

«ማን ነገራችሁ?» አለች ስንዱ።

«ጋዜጠኞቹ ናቸዋ!» አለች አንዷ። «ቤት ለቤት ዞረው ነገሩን። እኔንማ ወንዝ ዳር አግኝተውኝ ውሃዬን ቀድተው ተሸከሙልኝ፤ ልጅሽ ይድናል አሉኝ።»

ስንዱ ደስታው ከአቅሟ በላይ ሆነባትና አለቀሰች። ሴትዮዋ ልጁን ከጀርባዋ አውርዳ ሰጠቻት። ስንዱ ትንንሾቹን እግሮች በመዳፏ ያዘች። ሙቀታቸው ተሰማት። እግሮቹ በእጇ ላይ ቀስ እያሉ መቃናት ሲጀምሩ ልጁ ዓይኗን ትክ ብሎ አየና፣

«ሃሎ?» አላት።

«ምን አልክ?»

«ሃሎ! ሃሎ! ማን ልበል?»

ስንዱ ባነነች። ድምፁ የሚመጣው ከጉንጯ ሥር ነው። በተኛችበት ጉንጯ ስልኩን ተጭኖ ደውሎ ኖሯል። የስልኩ መስታወት ላይ «ጎሹ አንለይ፣ ከፍተኛ ሪፖርተር» ይላል። ጉሮሮዋን ጠራረገች።

«ይቅርታ፣ ሕፃናት ከሚያሳክመው ድርጅት ነው፤ ጋዜጠኛ ጎሹን ፈልጌ ነበር።»

«ጎሹማ ካረፈ ሁለት ዓመቱ። ባለቤቱ ነኝ፣ እቴነሽ።»

«ውይ! ነፍስ ይማር። አላወቅሁም ነበር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ እናቴ።»

«ኧረ ምንም አይደል። እናንተ ናችሁ በየወሩ ስብሰባ የምትጠሩት? ሌላው ሁሉ ረስቶታል። የእናንተ መልእክት ግን ሳይቀር ይመጣል፤ ‹በሰዓቱ እንዲገኙ› ይላል። ይሄን ሳይ እንዴት ብዬ ስልኩን ልዝጋው?» ሴትዮዋ ሳቅ አሉና፣ «ዛሬስ ለምን ነበር የፈለጋችሁት?» አሉ።

ስንዱ የሰኞውን ሕክምና ነገረቻቸው። ወይዘሮ እቴነሽ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«የጎረቤቴ የአየለች ልጅ እንደዚያ ነው። ሦስት ወሩ። ሰው እንዳያይባት ከቤት አታወጣውም። ሰኞ በስንት ሰዓት?»

«ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት፤ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ግቢ።»

«እኔው ራሴ አዝዬው እመጣለሁ።»

ስንዱ ስልኩን ዘግታ እንባዋን ስትጠርግ፣ አቶ ደምሰው ጥርሳቸውን በስንጥር እየጎረጎሩ በሩ ላይ ቆመው ያዳምጣሉ።

«ጋዜጠኛ ጎሹ ሞተዋል» አለቻቸው። «ከዝርዝሩ ልሰርዛቸው ነው።»

«ምን ሆነሽ ነው?» አሉ አቶ ደምሰው ደንግጠው። «ከሁሉም ስልክ ያነሳው እሱ ብቻ አይደል እንዴ!»

እስክሪብቶዋን ከእጇ ወሰዱ፣ ጎንበስ አሉ፣ ከሟቹ ስም ትይዩ ባለው ባዶ ቦታ ላይ በጥንቃቄ ጻፉ፦

«የሚዲያ ሽፋን፦ አንድ።»