ለማሽኑ የሚሰፋ ካፖርት

ሊቁ፦ ራሱ የሚንቀጠቀጥ ነገር ሌላውን እንዴት ያሞቃል? እስቲ ንገረኝ።

ሰፊው፦ እኔ ምን አውቄ፣ ጋሼ። የገጠመው ቴክኒሻን ግን ማሽኑ ሲሠራ ይንቀጠቀጣል ብሎኛል።

[የሚከራከሩት ከመስኮቱ ውጭ ስለተተከለው ሣጥን ነው። ሂት ፓምፕ ይሉታል፤ በብርድ ጊዜ ቤት ያሞቃል፣ በሙቀት ጊዜ ያቀዘቅዛል። የተገጠመው ዛሬ ጠዋት ነው። የልብስ ሰፊው ሚስት የሦስት ቀን ጨቅላዋን ታቅፋ ከሆስፒታል ለምሳ ትደርሳለች፤ ቤቱ ግን ገና ጥርስ ያንገጫግጫል። የሚስቱ ታላቅ ወንድም ሊቁ፣ ሰፈሩ ይህን ስም ያወጣለት ለሙገሳ ይሁን ለሽሙጥ ሳይጣራ የቀረ ሰው፣ ሪሞቱን ጨብጦ ከማሞቂያ ወደ ማቀዝቀዣ፣ ከማቀዝቀዣ ወደ ማሞቂያ ሲያመላልሰው አርፍዷል።]

ሊቁ፦ ፊቱ ላይ እጄን ባደርግ የሚተፋው ብርድ ነው። በርዶታል።

ሰፊው፦ የውጭውን ሙቀት ለቅሞ ወደ ውስጥ ስለሚያስገባ፣ ለውጭ የሚቀረው ብርዱ ነው ብሎኝ ነበር።

ሊቁ፦ ውጭ ሙቀት ካለ እኛን እዚህ ምን ጎለተን? ወጥተን አንሞቅም?

ሰፊው፦ እሱስ እውነት ነው።

[ሊቁ አዘነለት። አማቹ ክር በመርፌ ከማስገባት ያለፈ ነገር እንደማይገባው ድሮም ያውቃል።]

ሊቁ፦ በል፣ ሙያህ አይደል? ጥጥ የገባበት ካፖርት ስፋለት።

ሰፊው፦ (ጭንቅላቱን እያከከ) እንግዲያው ልኩን ይውሰዱልኛ።

[ሊቁ ሪሞቱን አስቀምጦ፣ ሰፊው ያቀበለውን ሜትር አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ ወጣ። ወርዱን ይዞ ሲመለስ ሰፊው በጠመኔ ጻፈና ቁመቱን ጠየቀው። ቁመቱን ሲያመጣ ጥልቀቱስ አለ። ቀጥሎ ትንፋሽ የሚወጣበትን ቀዳዳ የዙሪያ ልክ ፈለገ። በመጨረሻ፣ ይህን ሁሉ የለኩት እየተንቀጠቀጠ ነው ወይስ አርፎ ብሎ ጠየቀ፤ ልኩ ይለያያላ። ሊቁ እህቱ ባል ስትመርጥ እሱን አለማማከሯ አንገበገበው። ቢሆንም ሥራ ሥራ ነውና ማሽኑ እስኪያርፍ ደጅ ቆሞ ጠበቀ። ማሽኑ ማረፍ አላሰኘውም። የሊቁ አፍንጫ ይንጠባጠብ፣ ጣቱ ይደነዝዝ ጀመር።

መኪና ቆመ። እህቱ ጨቅላዋን ታቅፋ ወረደች፤ ሜትር ይዞ ሲንዘፈዘፍ አየችውና አልፋው ገባች። ተከትሏት ሲገባ የቤቱ ሙቀት ፊቱን አቀፈው። እናት ጨቅላውን ከብርድ ልብሱ እየፈታች ነው።]

ሊቁ፦ ካፖርቱ የታል? ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለካ ቆይቼ።

ሰፊው፦ ጨርቅም አልቆረጥኩ፣ ጋሼ።

ሊቁ፦ ታዲያ ምን ስትሠራ ነበር?

ሰፊው፦ ምንም። ቴክኒሻኑ ሲሄድ፣ ማንም ካልነካካው በሁለት ሰዓት ውስጥ ቤቱ ይሞቃል ብሎኝ ነበር። ከታላቅ ሰው እጅ ሪሞት መንጠቅ ደግሞ ነውር ነው፤ ስለዚህ ሜትር ሰጠሁዎት።