የሶላሩ ልብስ

ሰው ከፀሐይ ጋር ብዙ ዘመን ኖሯል። አወድሷታል፣ ረግሟታል፣ ጃንጥላ ዘርግቶ ሸሽቷታል። ከፀሐይ ኃይል የሚያመነጭ ሰሌዳ ገዝቶ፣ ጣሪያ ላይ አውጥቶ፣ ፀሐይ እንዳታገኘው ልብስ ያለበሰው ግን የሰፈራችን የታዳሽ ኃይል ማኅበር ነው። ይህን ታላቅ ሥራ በቅርብ ለማየት የታደልኩት ዩኒቨርሲቲው ለተግባር ልምምድ ስለላከኝ ነው። መናገር ስለማይሆንልኝ እጽፈዋለሁ።

ማኅበሩ ሁለት ክፍልና አንድ መጋዘን አለው። ከሦስቱ ሰፊው መጋዘኑ ነው፤ ያለ ምክንያትም አይደለም። ሰብሳቢው ዕድሜያቸውን በንብረት ክፍል ኃላፊነት ያገለገሉ፣ በጡረታ ሲሰናበቱም «በሥራ ዘመናቸው አንድም ዕቃ ያልጠፋባቸው» ተብለው የተመሰገኑ ሰው ናቸው። አንድም ዕቃ አልወጣባቸውም ነበር፤ ይህ ግን በምስጋናው ውስጥ አልተጠቀሰም። ወገባቸው ላይ ከሚንጠለጠለው የቁልፍ ዘለላ የተነሣ ሰፈሩ «ጋሼ ቁልፍ» ይላቸዋል። ከመታየታቸው በፊት ይሰማሉ።

አንዴ ተልኬ ቤታቸው ሄጄ ነበር። ሶፋው ልብስ አለው። በልብሱ ላይ ላስቲክ አለ። በላስቲኩ ላይ ፎጣ ተነጥፏል። እንግዳ ሲመጣ በርጩማ ይቀርብለታል። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ለብሷል፤ ዜና የሚሰሙትም ዳንቴሉን ሳይገልጡ ነው። እንዲህ ያለ ሰው የሶላር ሰሌዳ ሲረከብ ምን እንደሚያደርግ ለመገመት ዲግሪ አያስፈልግም።

ልብሱን የሰፋችው አክስቴ ናት። አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ያሳደገችኝም እሷ ናት። የምንኖረው ከማኅበሩ አጥር ጀርባ ነው። ወፍራም ሸራ፣ ከውስጥ ገበር፣ ዙሪያውን ጥልፍ፣ ደረቱ ላይ «ፀሐይ የሁሉም ናት» የሚል ጽሑፍ። «ሲጓጓዝ እንዳይቧጨር መስሎኝ ነው የሰፋሁት» ትላለች እስከ ዛሬ። ያ ሸራ በእግር የሚረገጠው የስፌት መኪናዋ የመጨረሻ ሥራ ነበር። ዋናው የመብራት መስመር ሰፈራችንን በሩቁ እያየ ሲያልፈው የኖረ ነውና፣ ማኅበሩ ሲቋቋም «መጀመሪያ መስመር የሚገባው አንቺ ቤት ነው» ሲሏት የእግር መኪናዋን ሸጣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ገዛች። እሱን ተማምናም የትምህርት ቤቱን ዩኒፎርም ተቀበለች። ትምህርት ሲከፈት ካልደረሰ ሥራው ለሌላ ሰፊ ይሰጣል። እሷ ጋ የቀረው ደግሞ ሶኬት እያየ የሚያዛጋ መኪና ነው።

መስመሩ ተዘረጋ። አምፖሉ ተሰቀለ። ማብሪያው ተጫነ። ምንም የለም።

ማኅበሩ ችግሩን ከሥር መሠረቱ ለመፍታት ከሚመለከታቸው ሁሉ ጋር ተቀናጅቶ ተንቀሳቀሰ። ሽቦው ቀጭን ነው ተብሎ በወፍራም ተተካ። ባትሪው ተጠረጠረ፤ ተቀየረ። ማብሪያ ማጥፊያው ግራ ግድግዳ ላይ በመሆኑ ሊሆን ይችላል ተብሎ ወደ ቀኝ ተዛወረ። የመስመር ሠራተኛው፣ ከቅጥነቱ የተነሣ «ሽቦ» የምንለው፣ በየጊዜው ጣሪያ ላይ ይወጣል፤ ልብሱን ዙሪያውን ዳስሶ ይወርዳል።

«ከላይ ችግር የለም» ይላል። «አንድ ጭረት አልነካውም።»

በስብሰባው ማጠቃለያም «መጠነኛ ውስንነቶች ቢኖሩም ሰሌዳዎቹ በአበረታች ሁኔታ ተጠብቀዋል» ተባለ። ሐሰት የለበትም።

አንድ ቀን ድፍረቴን አሰባስቤ ሰብሳቢው ጠረጴዛ ፊት ቆምኩ።

«ጋሼ።»

«አቤት ልጄ።»

«ሰሌዳው ፀሐይ ካላገኘ አይሠራም እኮ።»

ድምፄን ከእኔና ከጠረጴዛው በቀር የሚሰማው የለም ይባላል። እሳቸው ግን ሰሙኝ። መነጽራቸውን አወለቁ፤ በመሀረብ ጠቀለሉት፤ ሣጥኑ ውስጥ አስገቡት።

«ፀሐይ ያገኘው ዕቃ ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ?»

«ምን ይሆናል?»

«ይነጣል። ያንን መጋረጃ ተመልከቺ፤ ቀይ ነበር።»

መጋረጃው አሁን ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው ለመናገር ያስቸግራል።

«ታዲያ ኃይሉ ከየት ይመጣል ጋሼ?»

«ከሰሌዳው ነዋ። ለዚያ አይደል የገዛነው?»

የማኅበሩ ጸሐፊ ከጥግ ሆና «ዩኒቨርሲቲም እንዲህ ሆነ» ብላ ተነፈሰች። እኔም ዝም አልኩ። ዝምታ በትምህርት ዘመኔ ሁሉ ያላቋረጥኩት ብቸኛ ትምህርት ነው።

ቤት ስገባ አክስቴ በእጇ ትሰፋለች። አውራ ጣቷን በቁራጭ ጨርቅ ጠምጥማዋለች። አዲሱ መኪና ላይ የተቆረጡ እጅጌዎች ተቆልለውበታል፤ መደርደሪያ ሆኗል።

«እሺ፣ ምን አሉሽ?»

«ይነጣል አሉ።»

«ምኑ?»

«ሶላሩ።»

መርፌውን ከከንፈሯ አነሣች። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሲባል እሰማ ነበር። የኛዋ ደግሞ ካባ ደርባለች።» ትንሽ ሰፋችና «ሄጄ ልቅደደው እንዴ? የት ጋ እንደሚላላ አውቃለሁ» አለች።

«መልሰው አንቺኑ ያሰፉሻል።»

«እንዲያው አንቺስ እዚያ ዩኒቨርሲቲ ምን ተማርሽ?»

የሸሚዝ ቁልፍ ቀዳዳ በእጅ መሥራት እንዳልተማርኩ የታወቀ ነው። ያም ሆኖ አጠገቧ ተቀምጬ ሞከርኩ። የሠራሁትን ሳትናገር ፈታችው።

በማግስቱ ጠዋት ወፎች መፍትሔ ይዘው መጡ። ልብሱ ላይ ተሰልፈው አረፉ፤ ሲነሡም ባዶ እጃቸውን አልሄዱም። ይህን አይቼ ወደ ቢሮ ገባሁ።

«ጋሼ፣ ልብሱ ቆሽሿል።»

ቁልፎቹ ጸጥ አሉ።

«የቱ ልብስ?»

«የሶላሩ። ወፎች ናቸው።»

ራሳቸው መሰላል ወጡ። ሲወርዱ ፊታቸው መርዶ የሰማ ሰው ፊት ይመስላል።

«የማኅበሩን ንብረት» አሉ። «ያውም ጥልፉ ላይ።»

«ይታጠብ?»

«አሁኑኑ።»

«ፀሐይ ላይ ላስጣው፣ ጋሼ?»

እሳት ልትጨብጥ እጇን የዘረጋች ሕፃን እንደምትታይ አዩኝ። «ቀለሙን ልታስለቅቂው ነው? መጋዘን ውስጥ፣ ጥላ ላይ ነው የሚሰጣው። ቀስ ብሎ ይድረቅ።»

እንዳዘዙኝ አደረግሁ። ገበር ያለው ወፍራም ሸራ በጥላ ለመድረቅ የማይቸኩል ነገር ነው። ገና ረፋዱ ሳይጋመስ ማንም ያላጠፋው የቢሮው አምፖል በራ። ጸሐፊዋ ወንበሯን ከአምፖሉ ራቅ አደረገች። ከአጥሩ ጀርባ የአክስቴ መኪና ድምፅ ተሰማ፤ ብዙ ጊዜ ተቆጥቶ ዝም ያለ ሰው ሲታረቅ እንደሚያወራው፣ ያለ ማቋረጥ።

ሰብሳቢው አምፖሉን ዙሪያውን ዞሩት። ከዚያም ሁላችንም እንድንሰማ ተናገሩ።

«አያችሁ? ሲያፍነን የኖረው ቆሻሻ ነው።»

ሲመሽ ልብሱ ወደ ቦታው ተመለሰ። ባትሪው የቀረውን ሰጥቶ ሲያበቃ አምፖሉ ጠፋ። ሽቦ ጣሪያውን ዳስሶ «ተመልሶ ቆሽሾ ነው» አለ። ሲታጠብ በራ። ሲለብስ ጠፋ። እንደገና ሲታጠብ እንደገና በራ። ሽቦ በመጨረሻ ክንዱን ደረቱ ላይ አጣጥፎ «የታጠበ ቀን አለ፣ ያልታጠበ ቀን የለም። ይሄ ሳይንስ ነው» አለ። በእርግጥም ከዚህ የበለጠ ንጹሕ ሙከራ ላቦራቶሪ ውስጥ አላየሁም።

ማኅበሩ በሙሉ ድምፅ ወሰነ። «ንጽሕና የኃይል ምንጭ ነው» የሚል መፈክር ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ልብሱም በየቀኑ እንዲታጠብ አቅጣጫ ተቀመጠ፤ ለሥራው ከእኔ የተሻለ የተማረ ሰው አልተገኘም። ስለዚህ ፀሐይ ስትወጣ እገፈዋለሁ፤ ስትጠልቅ አለብሰዋለሁ። ሰሌዳዎቹ ሌሊቱን ሙሉ ከፀሐይ ተጠብቀው ያድራሉ። ደመና የጣለ ዕለት አምፖሉ ሲደበዝዝ ሰብሳቢው ብቅ ይሉና በአባትነት ድምፅ ይጠይቁኛል፦

«ሳሙና ቀንሰሻል?»

«ትንሽ፣ ጋሼ።»

«እንዳይለምድሽ።»

የአክስቴ ክምር መጉደል ጀመረ። የአውራ ጣቷ ጨርቅ ተፈታ። ግማሹን እንደጨረሰች ግን ክፉ ዜና መጣ፤ ክፉ ዜና ሁልጊዜ እንደሚመጣው መልካም ዜና መስሎ። ዝናችንን የሰሙ የአጎራባች ማኅበራት ለልምድ ልውውጥ ሊጎበኙን ነው። ጸሐፊዋ ወዲያው ያላሰብነውን አሰበች።

«ጋሼ፣ እንግዶቹ በቀን ነው የሚመጡት። ልብሱ እጥበት ላይ ከሆነ ሰሌዳዎቹ ራቁታቸውን ሊታዩ ነው።»

ሰብሳቢው ቁልፋቸውን ጨበጡ። «ነውር ነው።»

«ቅያሪ ይኑራቸዋ። አንዱ ሲታጠብ ሌላውን ይለብሳሉ።»

ሐሳቡ ጸደቀ። ቅያሪውን እንድትሰፋ የታዘዘችው አክስቴ ናት፤ ሸራውን ተሸክሜ የወሰድኩላትም እኔ ነኝ። ሸራውንና ያላለቁትን ዩኒፎርሞች ተራ በተራ አየች።

«እምቢ ብልስ?»

«ለሌላ ይሰጡታል።»

«ባዘገየውስ?»

«እንግዶቹ እየመጡ ነው። በኋላ አንቺን ነው የሚቆጡት።»

«እንግዲህ በራሴ ኤሌክትሪክ፣ የራሴን ኤሌክትሪክ የሚያጠፋ ሸራ ልስፋ ነው የምትይኝ?»

ቁጭ ብዬ ሸራውን ስዳስስ አየችኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ዝምታሽ ያስፈራኛል። ምን እያሰብሽ ነው?»

«አክስቴ፣ ከአንድ ጣቃ የተሰፋ ጥንድ ልብስ አንዱ ብቻ ቢታጠብ ምን ይሆናል?»

«ምን ይሆናል፣ የታጠበው ይደበዝዛል፣ ያልታጠበው እንዳለ ይቀራል። ጥንድ ሁልጊዜ አብሮ ነው የሚታጠበው። ይሄን የማያውቅ...» እዚህ ላይ ቆመች። ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያም ሳትስቅ ነጭ ክር መፈለግ ጀመረች።

አሮጌውን ለእጥበት ሳወርድ ይዤላት መጣሁና፣ በሁለቱም ልብሶች ጠርዝ ላይ፣ ውድ ሸሚዞች አንገት ላይ እንደሚገኘው ያለ ትንሽ ምልክት ተሰፋ። በጥልፍ እንዲህ ይላል፦ «ሁለቱም በየዕለቱ ጠዋት አብረው ይታጠቡ። በጥላ ይድረቁ።»

ሰብሳቢው ቅያሪውን ሲረከቡ ምልክቱን ደጋግመው አነበቡት። ዕቃ ላይ የተጻፈ ነገር ለእሳቸው ሕግ ነው። ጸሐፊዋ «እንዴ ጋሼ፣ ሁለቱም አብረው ከታጠቡማ ቅያሪው ምን ሊሠራ ነው?» ስትል ፈገግ አሉ።

«አንቺ ንብረት አታውቂም። ጥንድ አይነጣጠልም። አንዱ ነጥቶ አንዱ እንዳለ ቀርቶ ርክክብ ላይ ቢታይ ማን ነው የሚጠየቀው?»

እንደተማሩ ሰዎች ክርክር ሁሉ ይህም በዝምታ ተዘጋ።

ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ልጆቹ አዲስ ዩኒፎርም ለብሰው በማኅበሩ በር ፊት አለፉ። አክስቴ ደጃፏ ላይ ቆማ እያንዳንዱን ኮሌታ በዓይኗ አስተካከለች። ያን ቀን ነው እንግዶቹም የደረሱት። ሁለቱም ልብሶች መጋዘን ውስጥ ተሰጥተው ነበርና ሰብሳቢው እንግዶቹን በቀጥታ ወደዚያው ወሰዷቸው። ጎን ለጎን ተንጠልጥለው ውኃ የሚያንጠባጥቡትን ሸራዎች እንግዶቹ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተመለከቱ። ጥያቄዎቹም ጥልቀት ነበራቸው።

«ለብ ባለ ውኃ ነው ወይስ በቀዝቃዛ?»

«በቀዝቃዛ» አልኩ።

«ሳሙናው ዱቄት ነው?»

«ደረቅ ሳሙና።»

ሁሉም ጻፉ። ወደ ጣሪያው ቀና ብሎ ያየ አልነበረም። አንድ ወፈር ያሉ ሰብሳቢ ግን ሲወጡ አምፖሉን እያዩ በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። «የኛዎቹ እኮ በተራ ላስቲክ ተሸፍነው ነው የኖሩት» አሉ። «እንዴት ብለው ይሥሩ።»

ከዚያ ወዲህ አክስቴ ሥራ በዝቶባታል። በፀሐይ ኃይል በሚሠራ መኪና፣ የየሰፈሩን ሶላር ከፀሐይ የሚጠብቅ ልብስ ትሰፋለች፤ ሁልጊዜም ጥንድ ጥንድ፣ ከነምልክቱ። ወሬው እንደሚለው ልብሱ የደረሰበት ሰፈር ሁሉ ጠዋት ጠዋት እያጠበ ነው፤ ቀን ቀንም መብራት አለ።

ልምምዴ ሲያበቃ ሰብሳቢው የግምገማ ውጤቴን አስታወቁኝ። በንጽሕና የሚበልጠኝ የለም። በትሕትናም ተመስግኛለሁ። በሙያ ዕውቀት ግን መካከለኛ ነኝ። «ስለ ፀሐይ ገና ብዙ ይቀርሻል» አሉኝ፣ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው። «ግን አይዞሽ።»

በመጨረሻ የቀረኝ ዩኒቨርሲቲ ሄጄ ሥራዬን ማቅረብ ነበር። አንድም ነገር አልደበቅኩም። ስለ ሶፋው፣ ስለ ወፎቹ፣ ስለ ሳሙናው፣ ስለ ምልክቱ፣ ድምፄ በሚችለው መጠን ሁሉንም ተናገርኩ። በመሐንዲስነቴ ለታዳሽ ኃይል ያበረከትኩት አንድ የልብስ ማጠቢያ ምልክት መሆኑንም አመንኩ። ተማሪዎቹ ሳቁ። መምህሩ ግን አልሳቁም፤ ከመነጽራቸው በላይ እያዩኝ በጥሞና አዳመጡ። እዚህ ቢያንስ አንድ ሰው ገባው ብዬ ልቤ ሞቀ።

ሁሉም ሲወጣ መምህሩ ጠጋ አሉኝ። ግራ ቀኝ ተመለከቱና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«የኛ ትምህርት ክፍል ጣሪያ ላይ ያሉትን አይተሻቸዋል?»

«አዎ፣ መምህር።»

«ከተገዙ ጀምሮ ራቁታቸውን ናቸው። እኔም ሲከነክነኝ ነበር። የአክስትሽን ስልክ ትሰጪኛለሽ?»

ሰጠኋቸው። ማታ ለአክስቴ ስነግራት ጥንዱን በምን ልክ እንደምትቆርጠው ብቻ ጠየቀችኝ። ልኩን ነገርኳትና አንድ ነገር ጨመርኩ፦ የእነሱን ምልክት በትልልቅ ፊደል ትጥለፍላቸው፤ የተማሩ ሰዎች ናቸው።