ስለ እትዬ አስካለ ወተት የወጣ ማረሚያ

«ድሮ ቀረ» የሚል ሰው ሁሉ ውሸታም ነው። አትቆጡ፤ ራሴን አስቀድሜ ነው የቆጠርኩት። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ እኔ ግን የማያውቁትን አገር ሲናፍቁ የሚውሉ፣ ናፍቆታቸው ሲበረታም ያገኙትን ሰው የሚነክሱ ብዙ ጎልማሶች አውቃለሁ። አንዱን ዛሬ ጠዋት መስታወት ፊት ቆሞ ጢሙን ሲላጭ አይቼዋለሁ።

ባለፈው ወር እዚሁ ገጽ ላይ ስለ ወተት የጻፍኩትን ያነበባችሁ ታስታውሱኛላችሁ። ያላነበባችሁ ምንም አልቀረባችሁም፤ ዛሬ የመጣሁት ላፈርሰው ነው።

ልጆች ሳለን እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ ውርጭ ሣሩን አንጥቶ ባደረበት ማለዳ፣ እትዬ አስካለ የሚባሉ ባላገር በራችንን ያንኳኩ ነበር። በአንኮበር መንገድ ካለው መንደራቸው በእግራቸው መጥተው፣ በወይራ የታጠነ ቅላቸውን ከጀርባቸው አውርደው ይሰፍሩልን ነበር። እናቴ ታፈላዋለች፤ እኛ ስድስት ልጆች ብርጭቆ ይዘን እንሰለፋለን። ያ ወተት ታዲያ ምን የመሰለ ነበር መሰላችሁ… ነጭ፣ ቀለል ያለ፣ ጉሮሮ ላይ የማይቆም። ከጥራቱ የተነሳ ብርጭቆዬን ወደ ዓይኔ ከፍ ሳደርግ፣ ከማዶ የተቀመጠው ወንድሜ ሲያፈጥብኝ በወተቱ ውስጥ አሻግሬ አየው ነበር።

ይህን ስታነቡ ምን እንዳሰባችሁ ይገባኛል። እኔ ግን እስከ ሃምሳ አራት ዓመቴ ድረስ አላሰብኩትም።

ይኼን ወተት እያነሳሁ ቁርስ በቀረበ ቁጥር የላስቲኩን ወተት እረግም ነበር። ባለቤቴ የሺ ሃያ ዓመት ሙሉ ሰማችኝ። አንድ ቀን ግን ትዕግስቷ አለቀና፣ ብርቄ የምትባል ሴት በየማለዳው ለሰፈሩ ሁሉ ወተት እንደምታድል፣ እኔ ግን በዚያ ሰዓት ተኝቼ እንደማንኮራፋ ነገረችኝ። ብርቄ ማን እንደሆነች ስጠይቃት የእትዬ አስካለ ልጅ ናት አለችኝ። ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም ብዬ ብቆጣ፣ «‹የባላገር ወተት ንጽሕና የለውም፣ ከቤቴ እንዳይገባ› ያልከው ማን ሆነና?» አለችኝ።

እንግዲህ እዩት። ስንት ዓመት «ጠፋ» ብዬ ያለቀስኩለት ወተት በየማለዳው በደጄ ያልፍ ኖሯል። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የተባለው ለእኔ ብጤው ነው፤ የኔዋ ላም ግን በሰማይ ሳይሆን በአንኮበር መንገድ ነበረች።

በማግስቱ ተነስቼ ብርቄን ደጅ ጠበቅኋት። ቆፍጠን ያለች የአርባ ዓመት ሴት ናት። ክዳኑ ጥብቅ የሚል፣ የሚያብረቀርቅ የአሉሚኒየም ዕቃ ይዛ መጣች። እኔ ሆዬ ዕቃውን ሳይ ቅር አለኝ። እንደ እናትሽ በቅል ካልሆነ ወተት አይባልም አልኳት። ቅል ለማጠብ እንደሚያስቸግር፣ ይኼኛው እንደሚሻል በትሕትና ብታስረዳኝም ስለ ባህላችን መጥፋት ረዘም ያለ ንግግር አደረግሁላት። በዚያ ብርድ አሥራ አራት ቤት የሚጠብቃትን ሴት አቁሜ! ሰምታ ስትጨርስ ሄደች፤ በማግስቱ ከእናቷ ጎጆ ተሰቅሎ የኖረውን ቅል አውርዳ፣ አጥባ፣ አጥና መጣች።

ወተቱ ፈላ፤ ቀዳሁት፤ ጠጣሁት። ወይ ጉድ! ወፍራም ነው። ወደ ቢጫ ይወስደዋል። ጢሜ ላይ መስመር ሠርቶ ቀረ። ብርጭቆውን አንስቼ የሺን ባይ አትታይም፤ ግድግዳ ነው። ልጅነቴ ይኼን አይመስልም። አውራ ጣቴን ዘርግቼ ጥፍሬ ላይ ጠብ አደረግሁበት። ታውቃላችሁ፣ ውሃ የገባበት ወተት ከጥፍር ላይ ይንሸራተታል። ይኼኛው ተቀምጦ ያየኛል። ሌላ ሰው ቢሆን «ንጹሕ ነው» ብሎ አመስግኖ ይጠጣ ነበር። እኔ ግን የተማርኩ ነኝና ሌላ ድምዳሜ ላይ ደረስኩ፦ ዱቄት ገብቶበታል።

በማግስቱ ጎረቤቶች ጆጋቸውን ይዘው በተሰበሰቡበት ብርቄን ጠየቅኋት። ፊቷ ቀላ።

«ጋሼ፣ ላሟ የሰጠችኝን ነው ያመጣሁት» አለች።

«እኔ ላሟን አልጠረጠርኩም» አልኳት። ጎረቤቶቼ ሳቁ። ሰው ሲስቅልኝ ደግሞ ማቆም አላውቅም፤ የዚህ ገጽ ደንበኞች ታውቁኛላችሁ። በእሑዱ የእድር ስብሰባ ደገምኩት። በሳምንቱ እዚህ ጻፍኩት፤ ስሟን ባልጠራም ሰፈሩ ማንን እንዳልኩ አላጣውም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ከአሥራ አራቱ ቤት አሥሩ በሩን ዘጋ። ቅሉስ? ቅሉ እኔ ጋ ቀርቶ ስለነበር ሳሎን ቡፌው ውስጥ፣ ከሠርጋችን ብርጭቆዎች ጎን አስቀመጥኩት። እንግዳ ሲመጣ «ቅርስ ነው» እላለሁ።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ እናቴ ከደብረ ሲና ጣርማበርን አቋርጣ ልትጠይቀን መጣች። እዚያ እህቴ ዘንድ ነው የምትኖረው። ሰማንያዋን አልፋለች፤ ጉልበቷ እንጂ ምላሷ አላረጀም። ሐሙስ ዕለት ሳሎን ተቀምጣ ሳለ በር ተንኳኳ። ብርቄ ናት። አልተቀመጠችም።

«ጋሼ፣ ቅሉን ልወስድ ነው» አለችኝ። «ላሟን ለቅዳሜ ገበያ ላወጣት ነው። ሰው ለማይጠጣው ምን አልባለሁ? ቅሉ ግን የእናቴ ነው።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቀልዴ ላም ያስሸጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ያም ሆኖ አፌ አልተዘጋም፤ ወተቱ ወፍራም በመሆኑ፣ የእናቷም ወተት እንዲህ ስላልነበረ፣ ነገሩን ለጤና ብዬ እንደተናገርኩ መዘባረቅ ጀመርኩ። እናቴ እጇን አነሳች።

«ይቺ የአስካለ ልጅ ናት?»

«አዎ።»

«አንተ ልጅ፣ የድሮውን ወተት ያፈላው የነበረው ማን ነው?»

«አንቺ ነሻ።»

«እንግዲያው ስለ ድሮው እኔን ጠይቀኝ።»

ቀጥላ የተናገረችውን ሰብሰብ አድርጌ ልንገራችሁ። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጥንቁቅ ሰው ነበር። ወተቱ ሲሰፈር አጠገብ ቆሞ ድስቱ ላይ በከሰል ምልክት ያደርጋል፤ ወተቱ ከምልክቱ ዝቅ ካለ ቤቱ ይታመሳል። እናቴ ደግሞ ፀጉሯ ወገቧ ድረስ ነበር። አባቴ ያን ፀጉር ይወደዋል፤ የፀጉር ቅቤ ግዛ ሲባል ግን አይሰማም። ስለዚህ እናቴ አባቴ ፊቱን ባዞረ ቁጥር ግማሹን ወተት ቀንሳ ከጓዳ ለምታጠራቅመው እርጎ ታደርገዋለች፤ ድስቱን ደግሞ እስከ ከሰሉ ምልክት ድረስ ውሃ ትሞላዋለች። በሳምንቱ ትንጠዋለች፤ ትቀባዋለች። አባቴ ፀጉሯን እያደነቀ፣ ወተቱን እየቀመሰ «ይቺ አስካለ ውሃ ታበዛለች» ይላል። አንድ እሑድ በእድሩ ፊት ተናገረው። እትዬ አስካለም «አስካለ ውሃ» ተብለው ቀሩ።

እንግዲህ እኛ ስድስታችን ያደግነው ከእናታችን ፀጉር በተረፈው ነው። የሚናፍቀኝ ጣዕም፣ አምድ ሙሉ ያለቀስኩለት ጥራት፣ የቧንቧ ነበር። አሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል… እኔ ደግሞ እናቴን አወጣሁ።

ብርቄ ነጠላዋን አፏ ላይ ጭና ቆመች። ትሳቅ ታልቅስ አልለየሁም። ቅሉን ከቡፌው ሳወጣላት እናቴ ከለከለችኝ። የወተት ዕቃ ባዶውን አይመለስም፤ ይኼንንም ረሳኸው ወይ አለችኝ። ያን ሁሉ ስለ ባህል ስለፈልፍ ይኼ ትዝ አላለኝም። የሺን ገበያ ልካ ለጋ ቅቤ አስመጣችና ቅሉ ውስጥ በጣቷ ጠቅጥቃ ሞላችው። ነገ አንተው ራስህ ለአስካለ ትወስደዋለህ ብላ ፈረደችብኝ።

አርብ ዕለት ባጃጁ መንገዱ እስከፈቀደለት አድርሶኝ የቀረውን በእግሬ ሄድኩ። ንፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። እትዬ አስካለ ይህን መንገድ በየማለዳው ይመላለሱት እንደነበር ያሰብኩት ያኔ ገና ነው፤ አፈርኩ። ስደርስ እትዬ አስካለ ፀሐይ ያገኘውን ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ደክሟል። የማን ልጅ እንደሆንኩ ነግሬ ቅሉን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። ክዳኑን ከፍተው አሸተቱ።

«ይኼ የእናትህ ፀጉር ነው» አሉ።

ክው አልኩ። ያውቁ ነበር ወይ አልኳቸው።

«በር ስትከፍትልኝ ነጠላዋን ሳብ ታደርገዋለች። ሽታውን ግን በነጠላ አይሸፍኑትም። የላሜን ቅቤ አጣዋለሁ?»

«ታዲያ ስምዎ እንዲያ ሲጠፋ ለምን ዝም አሉ?»

ጣታቸውን ቅቤው ላይ አሳረፉ።

«አባትህ የሚያደርገውን አላውቀውም? ብናገር እሷ የት ትገባለች? ስድስት ልጅ ይዛ። እኔ ስሜ ቢጠፋም ላሜ ነበረችኝ።» ከዚያ ዓይናቸውን ወደ በረቱ መለሱ። «ለልጄ ግን ያስቀረህላት ምንም የለም። ስሟም ሄደ፣ ላሟም ነገ ትሄዳለች።»

እዚህ ላይ ቀልድ ብጽፍላችሁ ደስ ባለኝ። አልመጣልኝም።

ተመልሼ ያንኑ ከሰዓት በኋላ አሥሩን ቤት አንድ በአንድ አንኳኳሁ። «የብርቄ ወተት ንጹሕ ነው፤ ውሸታሙ እኔ ነኝ» ማለት በመጀመሪያው በር ላይ ከባድ ነው፤ በአሥረኛው በር ላይም ያው ከባድ ነው። ጎረቤቶቼ እንደ መጀመሪያው ቀን ሳቁ፤ አሁን ግን የሚስቁት በማን እንደሆነ አልጠፋኝም። አንዷማ «ጋሼ፣ ለጥፍርዎም ይቅርታ ይጠይቁልን» ብላ ሸኘችኝ። የእሑዱ እድርም አልቀረልኝም፤ አባቴ በተናገረበት እድር ቆሜ ስለ እናትም ስለ ልጅም መሰከርኩ። የእናቴን ፀጉር ግን አላነሳሁም፤ እትዬ አስካለ የሸፈኑትን እኔ ስብሰባ ላይ አልገልጥም። እዚህ የጻፍኩት እናቴ ራሷ «ጻፈው፣ አባትህ እንደሆነ አያነበው» ስላለችኝ ነው።

ቅዳሜ ላሟ ገበያ አልወጣችም። ብርቄም ሰኞ መጣች፤ በአሉሚኒየም ዕቃዋ። ስለ ባህል አንድ ቃል አልተነፈስኩም።

የቀረኝን አንድ ነገር ከተናዘዝኩ ይብቃኝ። ወተቱን እወደዋለሁ ብዬ ለሁሉም ተናግሬያለሁ። ግን እስከ ዛሬ አልተዋጠልኝም፤ ይከብደኛል። ስለዚህ በየማለዳው የሺ ጓዳ ስትገባ ጠብቄ፣ ብርጭቆዬን ግማሽ ድረስ ከቧንቧ እሞላዋለሁ። ጣዕሙ ቁርጥ የድሮው! እናንተም ድሮ ከናፈቃችሁ ማንንም አትክሰሱ፤ ቧንቧችሁን ክፈቱ። እሱንም ውሃ የሚመጣበትን ፈረቃ ጠብቃችሁ።