ሬዲዮ የሞተባቸው ጎረቤቴ

እስቲ ፍረዱኝ፤ ሙሉ ሬዲዮ ከሱቅ የገዛ ሰው ምን አጠፋ? የእኛ የላሊበላ ሰው ክብር የሚሰጠው ለገጣጣሚ ነው። ጎረቤቴ አያ ሞላ ድምፅ ማጉያውን ከአንዱ አሮጌ ሬዲዮ፣ ሆድ ዕቃውን ከሌላው አውጥተው ገጣጠሙና ከወይራ ሳጥን ከተቱት። ከዚያ ወዲያ የቀበሌው ሊቀመንበር ሳይቀር የአብዮቱን ዜና የሚሰማው እሳቸው ቤት ሆነ። በእኔ ሬዲዮ የሚነገረው ዜና ሌላ ነበር እንዴ?

አንድ ቀን ደግሞ ከጋሸና የከባድ መኪና ባትሪ በአህያ አስጭነው መጡ።

«አያ፣ አይበዛበትም? የኔ እኮ በአራት ባትሪ ድንጋይ ነው የሚሠራው» አልኳቸው።

«ያንተማ ርቦት ነው የሚያንሾካሹከው!» አሉኝ። ሰው ሁሉ ሳቀብኝ።

ሽቦውን ሲያገናኙት ሬዲዮው አንዴ ጮኸና ጨሶ ቀረ። ደስ ሊለኝ ስል፣ መንደሩ ነጠላውን አዘቅዝቆ «እግዜር ያጥናዎት» ሊል ገባ። ንፍሮ ሳይቀር መጣ! የእኔ በሬ የሞተ ጊዜ ማን ብቅ አለ?

ተናድጄ ቤቴ ገባሁና ደህናውን ሬዲዮዬን ከፈትኩ። ሚስቴ ከለቅሶው ቤት ሮጣ መጣች።

«አንተ ሰው፣ ጎረቤት ሐዘን ተቀምጦ ሬዲዮ ትከፍታለህ? ዝጋው!»