ከዱባይ በበረዶ የመጣው የውሃ መመርመሪያ

ዕቃ መምረጥ የሚባለው በሽታ ይዟችሁ ያውቃል? እኔን ይዞኛል። የያዘው ሰው አንዲት ማንቆርቆሪያ ለመግዛት ሦስት ገበያ ይዞራል፣ ክዳኗን መቶ ጊዜ ከፍቶ ይዘጋል፣ ባለሱቁን በጥያቄ ያደርቃል፣ ገዝቶ ቤቱ ከገባ በኋላም ‘ያችኛዋ ትሻል ነበር’ እያለ ይብሰለሰላል። ዕቃው ደህና ከሆነ ሁሉም ነገር ደህና ይሆናል ብሎ የሚያምን ምስኪን ነው። ዕቃውን ስለሚይዘው ሰው ግን አንዲት ደቂቃ አያስብም። ይህን የምላችሁ ተናድጄ ነው፤ ንዴቴም ገና አልበረደም።

ሥራዬ የአየር ማቀዝቀዣ ጥገና ነው። አባቴ ሱዳናዊ፣ እናቴ ወሎዬ፣ እኔ ደግሞ የካርቱም፣ የቡሪ ሰፈር ልጅ ነኝ። አርካዊት የሚባለው ሰፈር ውስጥ አንድ የጥርስ ሐኪም አሉ፤ ሳሎናቸው ውስጥ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚደርስ የዓሣ ገንዳ አቁመዋል። ተራ ገንዳ እንዳይመስላችሁ። ውሃው የባሕር ውሃ ነው፣ ሕያው ኮራል የበቀለበት፣ በኮራሉ መካከልም ነጭ መቀነት የታጠቁ ሁለት ብርቱካንማ ዓሦች ባልና ሚስት ሆነው የሚኖሩበት። በካርቱም ሙቀት ቤት ውስጥ ባሕር ማኖር እብደት ስለሆነ ውሃው ማቀዝቀዣ ያስፈልገዋል። ማቀዝቀዣውን ልገጥም ገብቼ የዓሣ ሞግዚት ሆኜ ቀረሁ።

ዶክቶሩ ለልብ ቀዶ ጥገና ከባለቤታቸው ጋር ወደ ካይሮ ሲሄዱ እጄን ይዘው “ሁለቱን አደራ” አሉኝ። ሁለቱ ማለት ዓሦቹ ናቸው። “ከዚያ ስነሣ መጀመሪያ ማየት የምፈልገው እነሱን ነው።” ልባቸው የሚቀደድ ሰው እንዲህ ሲሏችሁ እሺ ከማለት ሌላ ምን ትላላችሁ? እሺ አልኩ። ችግሩ እኔም ፖርት ሱዳን የሦስት ሳምንት ሥራ ነበረብኝ። ውሃውን የምትለካው እንግዲህ የቤቱ ሠራተኛ እትዬ ዘይነባ ናት፤ የእናቴ አገር ሰው፣ እዚያ ቤት አሥራ አንድ ዓመት የኖረች። ለእሷ የሚሆን መመርመሪያ መምረጥ የእኔ ፋንታ ሆነ፤ በሽታዬም ተነሣ።

መሐል ከተማ ያለው ሱቅ ውስጥ ያገኘሁት ውሃ ውስጥ ነክረው የሚያዩት ወረቀት ነበር፤ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲቀቅለው የከረመ። ስለ ጥራቱ ብጠይቀው ባለሱቁ “ኩሉ ታማም” አለኝ፤ ሁሉም አንደኛ ነው ማለቱ ነው። ገልብጬ ባየው ጊዜው ካለፈ ዓመት ሆኖታል። ሁለተኛው ለወንዝ ውሃ የተሠራ ነው፣ ጨው ሲያገኝ የሚዋሽ። ሦስተኛው በባትሪ የሚሠራ ሲሆን ትክክል መሆኑን ለማወቅ እሱን ራሱን የሚመረምር ሌላ ዕቃ መግዛት ይጠይቃል። በመጨረሻ የጓደኛዬ እህት ከዱባይ ስትመጣ በጠብታ የሚሠራውን፣ ሙቀት እንዳያበላሸው በበረዶ ከረጢት አስመጣሁ። ውሃውን ትንሿ ጠርሙስ ውስጥ ትቀዳላችሁ፣ ጠብታውን ትጨምቁበታላችሁ፣ ትነቀንቃላችሁ፣ አምስት ደቂቃ ጠብቃችሁ ቀለሙን ከካርዱ ጋር ታስተያያላችሁ። ቢጫ ከሆነ ሰላም ነው። አረንጓዴ ከሆነ አሞኒያ አለ፤ አሞኒያ ለዓሣ መርዝ ነው። እትዬ ዘይነባ አንዴ ባሳያት ያዘችው። እንዲያውም ካርዱን በአምፖል ብርሃን ስመለከት “በቀን ብርሃን እንጂ ልጄ” ብላ በር ላይ አወጣችኝ።

ለክፉ ቀን ብዬም ሁለት በርሜል ንጹሕ የጨው ውሃ አዘጋጅቼ፣ አረንጓዴ ቢሆን ደውዪልኝና እንዴት እንደምትቀይሪው እነግርሻለሁ ብያት ሄድኩ። እሷ እስክትደውል መች እጠብቃለሁ። እሑድና ረቡዕ እኔው እደውላለሁ። “ውሃው እንዴት ነው?” እላለሁ። “አልሐምዱሊላህ። አንተስ? እዚያ ሙቀቱ እንዴት ነው? ምሳ በላህ?” ትለኛለች። በመመርመሪያዬ ኮርቼ እተኛለሁ።

ስመለስ ከአውቶቡስ ወርጄ በቀጥታ አርካዊት ሄድኩ። እትዬ ዘይነባ ሳሎን አላስገባችኝም። በረንዳው ላይ አስቀምጣ ውሃ ሰጠችኝ፣ ኪስራ በሙላህ፣ የሱዳኖቹን እንጀራ በወጥ፣ አቀረበችልኝ፣ እስክጨርስ አጠገቤ ቆመች። እጄን ስታጠብ ሁለት ጎረቤት ሴቶች ቶባቸውን ተከናንበው ገቡና ግራና ቀኝ ተቀመጡ። ትልቋ “ልጄ፣ ሁላችንም የአላህ ነን፤ ልብህን አጽና” አሉኝ።

“እናቴ ናት?” አልኩ።

“እናትህማ ደህና ናት” አለች እትዬ ዘይነባ፤ “ዓሦቹ ናቸው እንጂ።”

ዓሣ ሞተ ተብሎ እንደ እኔ ደስ ያለው ሰው ይኖራል ብዬ አላምንም። ደስታዬ ግን ደቂቃ አልቆየም፤ ንዴቱ ተከትሎ መጣ። ሳሎን ስገባ ገንዳው ከዓሣ ባዶ፣ ኮራሉ እንደ ኖራ ነጭ። ደብተሯን አመጣችልኝ። ምን የመሰለ ደብተር መሰላችሁ! ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቀለሙ፣ ከህረባ የምትለው መብራት የጠፋበት ቀን ሳይቀር። ‘ከህረባ ሙሉ ቀን ጠፋ። ቢጫው ፈዘዘ።’ ‘አረንጓዴ።’ ‘በጣም አረንጓዴ።’ ‘ሴቲቱ ሞተች።’ ‘እሱም ተከተላት።’ አንዲት ስህተት የለባትም። ያዘጋጀሁት ውሃ ደግሞ እስከ አፉ እንደሞላ ቆሟል። አንዲት ቃል ብትተነፍስልኝ በግማሽ ቀን እናድናቸው ነበር።

“ስደውል ምን ነበር የምትዪኝ? ስንት ጊዜ ጠየቅኩሽ?” ብዬ ጮህኩባት።

“አገር ርቀህ፣ ብቻህን ሆነህ፣ አይዞህ የሚልህ ሰው በሌለበት?” አለች ሳትደነግጥ። “መርዶ በስልክ ይነገራል እንዴ፣ ያሲር? እናትህ ይህን አላስተማረችህም?”

የምመልሰውን አዘጋጅቼ ነበር። ስለ ልማዳችን፣ ስለ ይሉኝታችን፣ እውነቱን ደብተር ላይ ጽፈን ‘አልሐምዱሊላህ’ ስለምንባባል ሕዝቦች የሚያቃጥል ንግግር አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ስልኬ ጮኸ። ዶክቶሩ ናቸው፣ ከካይሮ።

ድምፃቸው ቀጥኗል። “ያሲር፣ ሁለቱ እንዴት ናቸው?”

ነጩን ኮራል እያየሁ ነበር። “ታማም፣ ዶክቶር፣ አልሐምዱሊላህ” አልኩ። እትዬ ዘይነባ ቀና ብላ አየችኝ፤ ፊቴን አዞርኩ። “እርስዎስ? ቀዶ ጥገናው እንዴት ሆነ?”

“ታማም፣ ታማም። እናንተስ? ምሳ በላችሁ?” ብለው ዘጉት።

“ምን አሉ?” አለች እትዬ ዘይነባ።

“ታማም ነኝ አሉ።”

“ሌላስ?”

“ምሳ በላችሁ ወይ አሉ።”

ደብተሯን ከእጄ ወስዳ አጠፈችው። ከዚያ ሻሿን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ፣ ሁለቱ ሴቶች አሁንም ወደተቀመጡበት በረንዳ ሄዳ በመካከላቸው ተቀመጠች።