ጋሽ አሥራት በቁማቸው ያጻፉት የሕይወት ታሪክ

እኛ አገር ሰው ሁለት ጊዜ ይወለዳል። መጀመሪያ እናቱ ትወልደዋለች፤ በመጨረሻ ደግሞ የዕድር ጸሐፊው። እውነቱን ለመናገር ሁለተኛው ልደት ከመጀመሪያው ያምራል። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነጠላችሁን አዘቅዝቃችሁ የሟች ታሪክ ሲነበብ ሰምታችሁ እንደሆነ ታውቁታላችሁ፤ "ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ" ትምህርት ቤት ያልገባ፣ "ሰው አክባሪና ለተቸገረ ደራሽ" ያልነበረ ሟች እኔ እስካሁን አልገጠመኝም። ዕድሜውን ሙሉ ከጎረቤቱ ጋር በአጥር ሲካሰስ የኖረው ሰውዬ እንኳ በዚያች ወረቀት ላይ "ከሁሉ ጋር ተግባቢ" ነበር። የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው ይባል የለ? አንገቱን የማስረዝመው እኔ ነኝ።

ቀልዴን አይደለም። ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ዳገቱ ወገብ ላይ ያለው ዕድራችን ጸሐፊ ከሆንኩ ብዙ ዓመቴ ነው። ጡረታ ከመውጣቴ በፊት መዝገብ ቤት ስለሠራሁ የሰው ፋይል ማሳመር ለምጃለሁ። አሠራራችን የታወቀ ነው፤ ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ይነግረኛል፣ እኔ እጽፋለሁ፣ ታች አስፋልቱ ዳር ካለው ኮምፒውተር ቤት አስተይባለሁ፣ ከዚያ ወረቀቱን ለጋሽ ቶሎሳ እሰጣለሁ። ጋሽ ቶሎሳ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። የሰፈሩን ግማሽ ፊደል አስቆጥረዋል፤ ድምፃቸው ያለ ማጉያ ቅጥሩን ሞልቶ ይተርፋል። አንድ ጊዜ ታዲያ የሟችን አባት ስም ተሳስተው አነበቡና ልጆቹ አኮረፏቸው። ከዚያ ወዲህ "ቀድሜ ሳልለማመድ አላነብም" ስላሉ፣ ወረቀቱ ከታይፕ እንደወጣ መድረሻው የእሳቸው እጅ ሆነ። ይህን ልማድ ልብ በሉልኝ፤ ጉዱን ያፈላው እሱ ነው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የዕድራችን ሊቀ መንበር ጋሽ አሥራት ቤቴ መጡ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል ብላችሁ አታምኑም። ሠላሳ ምናምን ዓመት ቀያሽ ሆነው አገሪቱን በእግራቸው ለክተዋል፤ አምስት ልጅ ድረዋል፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ይወስደን የነበረውን ወንዝ ያሻገረን ድልድይ የእሳቸው ሥራ ነው፤ እሑድ ቅዳሴ፣ በአዘቦት ቀን ደግሞ ጎህ ሲቀድ ከጋሽ ቶሎሳ ጋር እንጦጦን በሶምሶማ መውጣት አይቀርባቸውም። ሁለቱ አበልጆች ናቸው።

"የኔን ጻፍልኝ" አሉኝ ገና ሳይቀመጡ።

"የምን?"

"የሕይወት ታሪኬን።"

ደነገጥኩ። "ምነው፣ አመመዎት እንዴ?"

"እኔ ምን እሆናለሁ? ግን ስትጽፍ አውቅሃለሁ። እኔን አታሳምረኝ። ውሸት የሌለበት አንድ ታሪክ ጽፈህ ሙት።"

ሟቹ ማን እንደሆነ ለጊዜው ግራ ቢገባኝም ጻፍኩ። ሦስት ቅዳሜ ፈጀብን። ልደት፣ ትምህርት፣ ትዳር፣ ሥራ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ዕድር፣ ሁሉም በየተራው ገባ። ስፖርት ላይ ስንደርስ ጋሽ አሥራት ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ያ ዋንጫ" አሉ። ቤታቸው የገባ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ቴሌቪዥኑ ራስ ላይ የዳንቴል ልብስ ተነጥፎለት የሚኖር ዋንጫ ነው። በወጣትነታቸው የቀበሌ ወጣቶች ከፈረንሳይ ተነስተው እንጦጦ ጫፍ ድረስ ሲሮጡ አንደኛ ወጥተው ያገኙት ነው። ሁለተኛ የወጡት ጋሽ ቶሎሳ ናቸው። የተራራው ሰው ናቸው፤ አባታቸው እዚያው እንጦጦ ላይ ገብስ ያርሱ ስለነበር ማንም ሰው ይቀድማቸዋል ብሎ አላሰበም።

"አቋርጬ ነው" አሉኝ ጋሽ አሥራት። "ባሕር ዛፉ ውስጥ ሁለቱን መታጠፊያ የሚያስቀር ቀጭን መንገድ አለ። ለቅየሳ ስወጣ አይቼው ነበር። ማንም አላየኝም።"

ይህም ባልከፋ ነበር። ያን ዕለት ማታ ጋሽ ቶሎሳ "ያሸነፈኝን ሰው ልወቀው" ብለው ቤታቸው ድረስ እንኳን ደስ ያለህ ሊሏቸው መጡ። እንደዚያ ተዋደዱ። ጋሽ ቶሎሳ የበኩር ልጃቸው ሲወለድ ክርስትና እንዲያነሱላቸው የለመኑትም እሳቸውን ነው። አርባ ዓመት አብሮ የበላ፣ አብሮ የቀበረ፣ አብሮ የዳረ ወዳጅነት መሠረቱ ያቺ ቀጭን መንገድ ሆነች ማለት ነው። ለንስሐ አባታቸው ነግረዋል። አባም "ለባለቤቱ ንገረው" ብለዋቸዋል። ጋሽ አሥራት "እሺ አባቴ" ሲሉ ኖሩ።

"ስሞት ይነበብ" አሉኝ። "ያኔ እሱም አይቆጣኝም፣ እኔም አልሰማውም።"

አስተዋላችሁ? የሚያነበው ማን እንደሆነ ከሁለታችን አንዳችንም አላሰብንም።

በማግሥቱ እሑድ ቅዳሴ አልቆ ስንወጣ የተተየበችው ወረቀት ኪሴ ውስጥ ነበረች። ጋሽ ቶሎሳን በሩ ላይ አገኘኋቸው። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ፤ እጅም እንደዚያው ነው። እሳቸውን ሳይ እጄ በራሱ ጊዜ ኪሴ ገብቶ ወረቀቷን አውጥቶ ሰጣቸው። መነጽራቸውን አደረጉ።

"እንዴ! አበልጄ መቼ ሞተ? አሁን አጠገቤ ሲያስቀድስ አልነበረም?"

ሟቹ ሁለት እርምጃ ራቅ ብለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን እያጠለቁ ነበር። እኔ ቃል እስካወጣ ጋሽ ቶሎሳ እንደ ልማዳቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ልምምዱን ጀመሩ። ልደቱን አነበቡ። ትዳሩን ፈገግ እያሉ አነበቡ። ስፖርቱ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ ከንፈራቸው ብቻ ቀረ። ጋሽ አሥራት አንድ ጫማቸውን በእጃቸው እንደያዙ ቀሩ። ጋሽ ቶሎሳ ወረቀቷን አራት ቦታ አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱና ሽቅብ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

"ገደልከኝ" አሉኝ ጋሽ አሥራት።

"በወረቀት ብቻ ነው" አልኳቸው። አልሳቁም።

እኔም ከዚያ በኋላ መሳቅ ተውኩ። ጎህ ሲቀድ ጋሽ ቶሎሳ ብቻቸውን ሲወጡ አያለሁ፤ ጋሽ አሥራት ደግሞ ከቤት አይወጡም። ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ ዋንጫውን አንስተው ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፉበት። እኚያ ተራራ የሚያክሉ ሰውዬ በሦስት ሳምንት ውስጥ ሽማግሌ ሆኑ። አርባ ዓመት የተገነባ ነገር በእኔ ቀዥቃዣ እጅ ፈረሰ ብዬ እንቅልፍ አጣሁ፤ የምወዳቸው ሰዎች ናቸውና። በመጨረሻ አባን አስከትዬ ለሽምግልና ጋሽ ቶሎሳ ቤት ሄድኩ። ጋሽ አሥራትም ከኋላችን ገቡና እግር ላይ ሊወድቁ ጎንበስ ሲሉ፣ ጋሽ ቶሎሳ ክንዳቸውን ይዘው አስቀሯቸው።

"ይቅርታው ይቆየኝ። መጀመሪያ ካሳዬን" አሉ።

"የፈለግኸውን" አሉ ጋሽ አሥራት።

"ውድድሩ ይደገም።"

"አበልጅ፣ ጉልበትህ እኮ..."

"ጉልበቴን ተወው።"

በቀጣዩ ቅዳሜ ጠዋት ሰፈሩ በሙሉ መንገድ ዳር ወጣ። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ያለችው የጋሽ አሥራት ልጅ ሳትቀር በሌሊት ታክሲ ተሰልፋ መጥታ ስልኳን ደግናለች፤ "አባዬ፣ ፔስህን ጠብቅ፣ አትቸኩል!" እያለች። እኔና አባ ዳኞች ስለሆንን በባጃጅ ቀድመን ጫፍ ላይ ወጣንና አስፋልቱ ላይ ዓይናችንን ተክለን ቆምን። ቆየን። በጣም ቆየን።

"ውኃ ይዛችኋል?" አለን አንድ ሰው ከኋላችን።

ጋሽ ቶሎሳ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ትንፋሻቸው የተረጋጋ ነው። ቱታቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነው፤ ጸጉራቸው ላይ የባሕር ዛፍ ቅጠል አለ።

ጋሽ አሥራት ከብዙ ጊዜ በኋላ በአስፋልቱ መጡ። ላብ አጥቧቸዋል፤ አንዲት መታጠፊያ አላስቀሩም። አበልጃቸውን አዩ። ጭቃውን አዩ። ቀስ ብለው ተጠግተው ቅጠሉን ከጸጉራቸው ላይ አነሱላቸው።

"መንገዷን አገኘሃት?" አሏቸው።

"ምን አገኘሃት ትለኛለህ? የኔ መንገድ እኮ ናት። ልጅ ሆኜ ትምህርት ቤት የምወርደው በእሷ ነበር። ያን ቀን በእሷ መሮጥ ነውር መስሎኝ ነው የተውኳት።"

ጋሽ አሥራት እዚያው መንገዱ ላይ ተቀመጡና አለቀሱ። ጋሽ ቶሎሳ አጠገባቸው ተቀምጠው ግማሽ የጠጡትን ውኃ ሰጧቸው። "በል አሁን እኩል ነን" አሏቸው። ሁለቱም ተደጋግፈው ቁልቁል ሲወርዱ እኔና አባ ባጃጁን ትተን ከኋላቸው በእግራችን ተከተልን።

ሰኞ ዕለት ወረቀቷ ተመለሰችልኝ። መምህር መምህር ነውና በቀይ እስክሪብቶ ታርማለች። የአቋራጩ አንቀጽ ከዳር እስከ ዳር ተሰርዞ ከላዩ በዚያ ውብ የሰሌዳ ጽሕፈት እንዲህ ተጽፏል፦ "እሳቸውና አበልጃቸው እንጦጦን በረጅሙ መንገድ ለውድድር እያንዳንዳቸው አንድ ጊዜ ሮጠዋል።" ግርጌው ላይ ደግሞ ተከቦ ውጤቴ አለ። ከአሥር ሰባት።

በዚህ ዕድሜዬ ነጥብ ሲቀነስብኝ ደስ አይለኝም። ቤታቸው ድረስ ሄጄ ሦስቱ ለምን እንደጎደለ ጠየቅኳቸው። ጋሽ ቶሎሳ የሩጫ ጫማቸውን ክር እያሰሩ ነበር፤ ጋሽ አሥራት በር ላይ ቆመው ይጠብቋቸዋል።

ወደ በሩ እያዩ፣ "ሰውዬው መች አለቀና?" አሉኝ።